የደከሙት ድንጋዮች ምሥጢር የላቸውም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከሁለት ሳምንት በፊት በጉዞ ዓምዳችሁ ስለ ፔሩ የወጣውን ጽሑፍ እንደ ወትሮዬ ከቁርስ በኋላ ተቀምጬ አነበብሁት። ጸሐፊው ያን የሩቅ አገር ለአማርኛ አንባቢ ለማስተዋወቅ መድከማቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ስለ ቪዛ፣ ስለ አየር ትኬትና ስለ ማደሪያ የሰጡት ምክርም መንገደኛን የሚጠቅም ነው። ቅሬታዬ በአንዲት አንቀጽ ላይ ነው። ያቺ አንቀጽ ስፔኖች ሳይመጡ ያን አገር ይገዙ የነበሩት የኢንካዎች ግንቦች እንዴት እንደተሠሩ እስከ ዛሬ የሚያውቅ እንደሌለ፣ የሠሩትም ሕዝቦች ከምድረ ገጽ እንደጠፉ ትናገራለች፤ ይባስ ብላም የሰው ልጅ ክንድ ብቻውን እንዳልሠራቸው የሚያምኑ እንዳሉ ጠቁማ፣ ልክ ናቸው ወይም ተሳስተዋል ሳትል ታልፋለች። ስለ ሦስቱም የማውቀውን ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

እኔ በመንገድና በድልድይ ሥራ ሠላሳ ሁለት ዓመት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ መሐንዲስ ነኝ። ባለፈው ዓመት በሐምሌ፣ አዲስ አበባ በጭቃና በጉም ተውጣ ሳለች፣ ሜሪላንድ የምትኖረው ልጄ የሥራ ፈቃዷን ይዛ ኩስኮ ወደምትባለው ከተማ ወሰደችኝ። እዚያ ሐምሌ ደረቅ ወር ነው፤ ሰማዩ የጥቅምትን ይመስላል። ኩስኮ ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ ከአሜሪካ ቆላ የመጡት የልጄ ጓደኞች ለሁለት ቀን ራሳቸውን ይዘው ሲሰነብቱ፣ እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ በመሆኔ አንድ ብርጭቆ የኮካ ቅጠል ሻይ ጠጥቼ ተነሣሁ። በሦስተኛው ቀን የኢንካዎች «ቅዱስ ሸለቆ» የሚባለውን የኡሩባምባን ወንዝ ሸለቆ በአንድ ቀን የሚያስጎበኝ አነስተኛ አውቶቡስ ተሳፈርን። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዞው ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጀምራል። ቺንቼሮን፣ ሞራይን፣ ኦያንታይታምቦንና ፒሳክን የሚያስገባው ትኬት ለውጭ አገር ሰው 70 ሶል (የፔሩ ገንዘብ) ነበር፤ የማራስ ጨው ማምረቻ ግን የመንደሩ ነዋሪዎች ንብረት ስለሆነ ለብቻው ይከፈልበታል። አስጎብኚያችን በዚያው ሸለቆ ተወልዳ ያደገች፣ ስፓኒሽም እንግሊዝኛም የምትናገር፣ ከሾፌሩ ጋር ግን በኢንካዎቹ ቋንቋ በኬችዋ የምታወራ ወጣት ሴት ነበረች። እኔን ገና ከመጀመሪያው «ታይታይ» አለችኝ። ትርጉሙን ስጠይቃት «አባቴ» ማለት እንደሆነ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ሁሉ እንዲህ እንደሚጠራ ነገረችኝ። ጠፋ የተባለው ሕዝብ ማለዳ ላይ «አባቴ» ብሎ መቀመጫ ሰጠኝ ማለት ነው።

ቺንቼሮ 3,760 ሜትር ላይ ያለ መንደር ነው፤ ከእንጦጦ ራስ ከአምስት መቶ ሜትር በላይ ከፍ ይላል። እስከዚያ ድረስ መንገዱን ግራና ቀኝ የሚሸፍነው ባሕር ዛፍ ስለሆነ ዓይኔን ጨፍኜ ብገልጥ ሱሉልታ ያለሁ በመሰለኝ ነበር። በመንደሩ ቱፓክ ኢንካ ዩፓንኪ የተባለው ንጉሥ ያሠራው የቤተ መንግሥት ግንብ አለ፤ ስፔኖች በላዩ ቤተ ክርስቲያን ገነቡበት። ከታች ያለው የተጠረበ ድንጋይ ነው፣ ከላይ ያለው ደግሞ ጭቃና ጡብ፤ የትኛው የማን እንደሆነ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ይህን ለማየት የተሰጠን ጊዜ ግን ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ ሲሆን፣ አጠገቡ ባለው የሽመና መሸጫ ሃምሳ ደቂቃ ተቀመጥን። እዚያም ቢሆን አንድ ያልረሳሁት ነገር አየሁ። ሸማኔዋ ከበለስ ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለች ተባይ በጣቷ አንስታ መዳፏ ላይ ደፈጠጠቻት፤ መዳፏ ደም መሰለ። በእንግሊዝኛ ኮቺኒያል የሚሏት ይህቺ ናት፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለቀለም ምርት ተብላ ወደ ትግራይ ከገባች በኋላ ከቁጥጥር ውጭ ሆና የገበሬውን በለስ የፈጀችው እርሷው ናት። በአገሯ የሚያውቋት እጆች አሉ፤ እኛ ዘንድ ያለ እነርሱ መጣች።

ሞራይ ላይ የጽሑፋችሁን ጸሐፊ አሰብኋቸው። በሜዳው መካከል ክብ ክብ ሆነው እንደ እንጀራ መሶብ ክዳን ውስጥ ወደ ታች የሚጠቡ እርከኖች አሉ፤ ትልቁ ጉድጓድ ሠላሳ ሜትር ገደማ ይጠልቃል። አስጎብኚዎች ሁሉ ይህ የኢንካዎች የእርሻ ምርምር ጣቢያ ነው ይላሉ፤ ከላይኛው እርከን እስከ ታችኛው ያለው የሙቀት ልዩነት ልዩ ልዩ ሰብል ለመሞከር ይመቻል ነው ምክንያቱ። ኢንካዎች በጽሕፈት ፈንታ ኪፑ በሚባል የገመድ ቋጠሮ ይመዘግቡ ስለነበር ይህን የሚያረጋግጥ ሰነድ አልተገኘም፤ ስለዚህ ግምት ነው፣ ግን ብልህ ግምት ነው። እኔን ያስደነቀኝ ሌላ ነው። በዝናብ ወራት ወደዚያ ጉድጓድ የሚገባው ውኃ የት ይሄዳል? ኩሬ ሆኖ አልቀረም። እርከኖቹ ከሥር ትልልቅ ድንጋይ፣ በላዩ ጠጠር፣ ከዚያ አፈር እየተደረገ ነው የተሞሉት፤ ውኃው ይሰርጋል እንጂ ግንቡን አይገፋም። በመንገድ ሥራ ላይ የአፈር መከላከያ ግንብ ከኋላው ውኃ አጠራቅሞ ሲገለበጥ ያየ ሰው ይህ ምን ያህል ዕውቀት እንደሚጠይቅ ይገባዋል። ዝነኛውን የኢንካ ከተማ ማቹ ፒቹን ለዓመታት ያጠናው አሜሪካዊው የውኃ መሐንዲስ ኬኔት ራይት፣ በዚያ ከተማ ግንባታ ውስጥ ከሥራው ስልሳ በመቶ ያህሉ ከመሬት በታች በመሠረትና በውኃ ማፋሰሻ እንደተቀበረ ገምቷል። ጎብኚው ፎቶ የሚያነሣው ቀሪውን አርባ በመቶ ነው። ደግሞም ሥራው የሰው ሥራ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ነገር ልጨምር፦ በ2010 የጣለው ከባድ ዝናብ የሞራይን እርከን በከፊል ናደው፤ የጠገኑትም የአካባቢው ግንበኞች ናቸው።

በማራስ ሸለቆ ከተራራው ሥር የሚፈልቅ ጨዋማ ምንጭ በቀጫጭን ቦዮች ተከፋፍሎ ከ3,000 በላይ ትንንሽ ገንዳዎች ይሞላል፤ ፀሐይ ውኃውን ስትመጥጠው ጨው ይቀራል። ገንዳዎቹ የየቤተሰቡ ናቸው፤ አንዱ ገንዳ ከአንድ ምንጣፍ ብዙም አይበልጥም። አንድ ሽማግሌ ገበሬ የቦዩን አፍ በድንጋይና በጭቃ ዘግቶ ውኃውን ወደ ጎረቤቱ ሲለቅ አየሁት፤ መስኖ ያለበት አገር ሰው ሁሉ የሚያውቀው የተራ ነገር ነው።

ምሳ ኡሩባምባ በላን። ድንቹ ብቻ አራት ዓይነት ነበር፤ አንዱ በሌሊት ውርጭ እየቀዘቀዘ፣ በእግር እየተረገጠ፣ በፀሐይ እየደረቀ ለዓመታት የሚቆየው ቹኞ የሚሉት ጥቁር ድንች ነው። ዛሬ በገበታችን የማይጠፋው ድንች መጀመሪያ የለማው በእነዚህ ተራሮች ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው በ1858 ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል። የጾም ወጣችን ለኬችዋ ገበሬ ትንሽ ዕዳ አለበት ቢባል ስህተት አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ወደ ኦያንታይታምቦ ልምጣ። የቦታው ታሪክ አጭር አይደለም። የኢንካን መንግሥት ከአንዲት ከተማ አውጥቶ ግዛት ያደረገው ፓቻኩቲ በ15ኛው መቶ ዘመን የራሱ ርስት አድርጎ አሠራው። ኢንካ የሚለው ስም ራሱ መጀመሪያ የንጉሡ ማዕረግ ነበር፤ አገሩን «በአንድነት ያሉ አራት ክፍሎች» ለማለት ታዋንቲንሱዩ ይሉት ነበር። ስፔኖች በ1532 ንጉሡን አታዋልፓን በካካማርካ ከማረኩ በኋላ ያመፀው ማንኮ ኢንካ በ1537 መጀመሪያ በዚህ ምሽግ ሆኖ የስፔኑን አዛዥ ኤርናንዶ ፒዛሮን መለሰው፤ የወንዙን ውኃ በሜዳው ላይ ለቅቆ ፈረሶቹ እንዲሰምጡ እንዳደረገ ዜና መዋዕሎቹ ይተርካሉ። ቦይ የሚያውቅ ሠራዊት በቦይ ተዋጋ።

በኮረብታው ራስ ላይ፣ ሁለት መቶ ያህል ደረጃ ከወጡ በኋላ፣ ስድስት ግዙፍ ቀላ ያሉ ድንጋዮች ጎን ለጎን ቆመዋል። ትልልቆቹ ከሃምሳ ቶን በላይ እንደሚመዝኑ ይገመታል። በመካከላቸው ቀጫጭን ድንጋዮች እንደ ሽብልቅ ገብተዋል። የተወሰደው ድንጋይ በወንዙ ማዶ ካለው የካቺቃታ የድንጋይ ካባ ነው፤ ከተራራ ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ኪሎ ሜትሮች ተጉዞ፣ እንደገና ኮረብታ ወጥቷል። ብረት አልነበራቸውም፤ ጋሪ አልነበራቸውም፤ የጭነት እንስሳቸው ላማ ደግሞ ከሠላሳ ኪሎ በላይ ሲጫን የሚተኛ ነው። ቡድኖች ሁሉ እዚህ ቆመው «ታዲያ እንዴት?» ይላሉ፤ ፎቶ ይነሣሉ፤ አስጎብኚዎቹ ትከሻቸውን ነቅንቀው «ምሥጢር ነው» ይላሉ፤ ሰዓቱ ደርሷልና ይወርዳሉ። ምሥጢሩ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ለጥያቄው ዐሥር ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ለመልሱ ምንም አይሰጠውም።

መልሱ ግን እዚያው ነው። አስጎብኚያችንን ለብቻዋ ይዤ ድንጋዮቹ በየት በኩል እንደወጡ ጠየቅኋት። ፈገግ ብላ ወደ ኮረብታው ዳር ወሰደችኝና ወደ ታች አሳየችኝ፦ ከሸለቆው ጀምሮ እስከ ግንባታው የሚወጣው የድልዳል መንገድ ዛሬም አለ። በግራ በቀኝ በድንጋይ ተደግፎ የተሠራ ተዳፋት ነው፤ ሥራው ስላላለቀ አልፈረሰም። ዘወር ስል ያልቆሙ፣ ግማሽ ፊታቸው የተጠረበ ድንጋዮች በየቦታው ተኝተዋል። ይህ የፈረሰ ሕንፃ ሳይሆን ሥራው የተቋረጠ ግንባታ ነው፤ ሠራተኛው ምሳ ሊበላ ሄዶ ያልተመለሰ ይመስላል። ከዚያም በጣቷ ወደ ማዶ አመለከተች፦ ከካባው እስከ ኮረብታው ባለው መንገድ ላይ ሳይደርሱ የቀሩ ድንጋዮች አሉ። በኬችዋ «ሳይኩስካ ሩሚ» ይሏቸዋል፤ የደከሙ ድንጋዮች ማለት ነው።

የደከመ ድንጋይ የተወው ሰው እንዴት ይጎትት እንደነበር የሚመሰክር ነው። በ1980ዎቹ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ሕንፃ መምህር ዣን ፒየር ፕሮትዘን እነዚህን ካባዎችና መንገዶች እየለካ አጠና። ከዚያም ኩስኮ አጠገብ ባለ ሌላ የኢንካ ካባ ራሱ ድንጋይ ጠረበ፤ መሣሪያው ከወንዝ የተለቀመ አራት ኪሎ የሚመዝን አለሎ ብቻ ነበር። የአንዲትን ትንሽ ድንጋይ አንድ ፊት ለማስተካከል ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀበት። ጠርዙን ደግሞ እንዳይሸረፍ በትንሽ አለሎ መታው። ይህን ካነበብሁ በኋላ ኩስኮ ተመልሼ የግንቦቹን ድንጋዮች ቀረብ ብዬ በእጄ ዳሰስኋቸው፦ መካከላቸው ላይ የአለሎው ምት ትልልቅ ጎድጓዳ ሆኖ ይታያል፣ ወደ ጠርዝ ሲቀርብ ጠባሳው ደቃቅ ይሆናል። ሁለት ዓይነት አለሎ። በአንዳንዱ ድንጋይ ግርጌ ደግሞ እንደ ጡት ጫፍ የወጣ ቁራጭ ይታያል፤ በእንጨት ለመፈንቀል ወይም ገመድ ለማሰር የተተወ ነው ተብሎ ይታመናል። መዶሻ የያዘ ማንም ድንጋይ ጠራቢ የሚያነበው ጽሑፍ ነው።

ጉልበቱስ? ለእኛ ይህ አስቸጋሪ ጥያቄ መሆን የለበትም። በኬችዋ መንደሮች «አይኒ» የሚሉት ሥርዓት አለ፤ ዛሬ አንተ ለእኔ ታርሳለህ፣ ነገ እኔ ለአንተ አርሳለሁ። አስጎብኚያችን ይህን ለማስረዳት ብዙ ስትጥር ለልጄ «ወንፈል እኮ ነው» አልኋት። የብዙ ሰው ሥራ በአንድ ቀን የሚጠራበት «ሚንካ» ደግሞ ደቦ ነው። መንግሥቱ ይህን ልማድ አስፍቶ እያንዳንዱ ቤተሰብ በተራው ለንጉሡ የሚሠራበት «ሚታ» አደረገው፤ ተረኛው በሥራ ላይ ሳለ ከመንግሥት ጎተራ ይቀለብ ነበር። ከኦያንታይታምቦ መንደር ማዶ ባለው ቀጥ ያለ ተራራ ወገብ ላይ ነፋስ እንዲያገኛቸው ተብለው የተሠሩ ጎተራዎች ዛሬም ቆመው ይታያሉ። ሚታ በፈቃድ ነበር ብዬ ላሞግሰው አልፈልግም፤ ገባርነት ገባርነት ነው። ስፔኖች ደግሞ ስሙን ብቻ ወስደው በፖቶሲ የብር ማዕድን ስንቱን ጨረሱበት። ነገር ግን ሃምሳ ቶን ድንጋይ ያወጣው ይኸው ነው፤ ገመድ፣ ተዳፋት፣ ጎተራ፣ ብዙ ሕዝብና ብዙ ጊዜ።

ለምን ይህን ያህል እንደተቆጣሁ ልጄም ጠይቃኝ ነበር። ላሊበላን የኢትዮጵያ ሰው አልሠራውም፣ ከኢየሩሳሌም የመጡ የፈረንጅ ባላባቶች ናቸው የሚል ወሬ በውጭ ሰዎች ዘንድ ሲነገር ሰምተን እናውቃለን። መላእክት አገዙ የሚለው የአባቶቻችን ትውፊት የእምነትና የአክብሮት ቃል ነው፤ ሠሪውን አይቀማም። የፈረንጁ ወሬ ግን ይቀማል። አክሱም የሄደ ሰው ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ባለው የጎቦድራ ካባ ተፈልፍሎ ሳያልቅ የቀረ ሐውልት ማየት ይችላል፤ ለእኔ ከቆሙት ሐውልቶች ይልቅ የሚናገረው እርሱ ነው። ጎቦድራን የሚያውቅ የአማርኛ ጋዜጣ ካቺቃታን ምሥጢር ሊለው አይገባም።

ፒሳክ ስንደርስ ፀሐይዋ ልትገባ ሆነች። በተራራው ላይ እንደ ቀሚስ ዘርፍ የሚወርዱትን እርከኖችና በገደሉ ፊት የተቦረቦሩትን፣ ሌቦች የዘረፏቸውን የመቃብር ጉድጓዶች ከሩቅ አየን። ሃያ ደቂቃ ተሰጠን። ሾፌሩ ጥሩምባውን ሲያሰማ አስጎብኚያችን «ይቅርታ፣ ታይታይ፤ ሸማኔ ቤት ቆየን» አለችኝ። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም፤ የጉዞው ፕሮግራም ከቢሮ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከአንባቢዎቻችሁ መካከል ወደዚያ የሚሄድ ካለ ትኬቱ ለሁለት ቀን ስለሚሠራ ሸለቆውን በአንድ ቀን ከመጨረስ ይልቅ ኦያንታይታምቦ እንዲያድር እመክራለሁ። የማታው ባቡር ሰውን ሁሉ ወደ ማቹ ፒቹ ይዞ ከሄደ በኋላ መንደሩ ለባለቤቶቹ ይመለሳል ይላሉ። ኢንካዎች በቀየሱት መንገድ፣ ከኢንካ ዘመን በቀሩ ግንቦች ውስጥ ሰዎች ይኖራሉ፤ በየመንገዱ ዳር የሚወርደው የቦይ ውኃም ዛሬም ይፈሳል።

ስለ ሕዝቡም ቁጥር ይመስክር። በ2017 በተደረገው የፔሩ ሕዝብ ቆጠራ ከሦስት ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰዎች አፍ የፈቱበት ቋንቋ ኬችዋ እንደሆነ ተናግረዋል፤ ቋንቋው ከ1975 ጀምሮ በመንግሥት የታወቀ ነው። የኢንካ ነገሥታት፣ ከስፔኖች ሸሽተው በመሸጉበት በቪልካባምባ የነገሠው የመጨረሻው ቱፓክ አማሩ በ1572 በኩስኮ አደባባይ ሲሰየፍ አብቅተዋል፤ ሕዝቡ ግን አላበቃም። ንጉሥ መጥፋቱና ሕዝብ መጥፋቱ ሁለት ነገር ነው።

ስለዚህ ያቺ አንቀጽ በሚቀጥለው እትም እንድትታረም በትሕትና እጠይቃለሁ። ሌላም ትንሽ እርማት አለኝ፤ ከጽሑፉ ጋር የወጣው፣ ከሥሩ «ማቹ ፒቹ» ተብሎ የተጻፈበት ፎቶግራፍ ማቹ ፒቹ አይደለም። ከኦያንታይታምቦ እርከን ላይ ሆኖ ወደ መንደሩ የተነሣ ነው፤ አጉልታችሁ ብታዩት ከማዶ ባለው ተራራ ወገብ ላይ ጎተራዎቹ ይታያሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ